ኪሴ ውስጥ የሄደው ቁልፍ

ከአሜሪካ የተመለሰ ሰው የሚጠየቀው ስለ ፎቁ፣ ስለ መንገዱና ስለ ብርዱ ነው። እኔ የሄድኩት በነሐሴ ስለሆነ ብርድ አላየሁም። ፎቁንም ቢሆን ቀና ብዬ ለማየት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልብ አልነበረኝም። ሐሳቤ ሁሉ ቁልፍ ላይ ነበር። ስለ ዋሽንግተን ልነግራችሁ ተነሥቼ ስለ ቁልፍ የምለፈልፈው ለዚህ ነውና አትታዘቡኝ።

ደምሴ እባላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ማተሚያ ቤት የማሽን ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ በሥሬ ዐሥራ አንድ ሠራተኞች አሉ። ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት የሆነበት፣ መንግሥት ፋብሪካውን ሁሉ ለግል ሊሸጥ ነው እየተባለ የሚወራበት ነበር። በሐምሌ ሥራ አስኪያጃችን ሰበሰቡንና፣ «የአንደኛ ደረጃው የሒሳብ መጽሐፍ ትምህርት ሳይከፈት ካልወጣ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ያን ጊዜ የእናንተ ክፍል ይታጠፋል» አሉን። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገንም።

ማሽናችን አሮጌ ነው፤ አመሉን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የለም ስል፣ እንዲኖር አላደረግሁም ማለቴ ነው። እኔን ለዚህ ሙያ ያበቃኝ አርመን ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር የሚሠራው። በትከሻው ላይ እያጮለቅሁ የለቀምኳትን ሁሉ አንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ጻፍኩ። እንጀራዬ ናት ብዬ ደብተሯን ከልዩ ልዩ መፍቻዎቼ ጋር የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። ቁልፉ ሁለት ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀለበት አድርጌ እኔው ኪስ አኖራቸዋለሁ። እኛ መሥሪያ ቤት መለዋወጫ ቁልፍ ማለት እንዲህ ነው።

ዓርብ ማታ ከቦሌ ተነሣሁ። የምሄደው ታናሽ እህቴ አልማዝ የልጇን ክርስትና እንድካፈል ቲኬት ልካልኝ ነው። ሻንጣዬ በርበሬና ሽሮ ብቻ ነበር ብል ውሸት አይሆንም፤ ከልብሴ ሁለት ሸሚዝ አስወጥተው ተጨማሪ ሽሮ የከተቱት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ከመሄዴ በፊት ማሽኑን ዘይት አጠጥቼ፣ ሁሉን አስተካክዬ፣ ሠራተኞቹን «ምንም እንዳትነኩ» ብዬ ነበር የወጣሁት። ኮርቼ ነው የወጣሁት፣ ምን ልዋሻችሁ።

ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ስንቀይር በአንድ በር አሳለፉን፤ በሩ ጮኸብኝ። ፈታሹ ጀርመን ኪሴን እንዳራግፍ በእጁ አሳየኝ። ሳንቲም፣ መሀረብ፣ ከዚያ የቁም ሣጥኑ ሁለት ቁልፎች በቀለበታቸው ጠረጴዛው ላይ ጠብ አሉ። ልቤ አብሯቸው ዱብ አለ። ሰውየው ቁልፎቹን አንሥቶ በትሕትና ሲመልስልኝ፣ «ውሰዳቸው፣ አልፈልጋቸውም!» ብዬ ልጮህበት ምንም አልቀረኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ዋሽንግተን ደረስን። የጉምሩኩ ሰው በርበሬዬን ከፍቶ አሸተተና ሲያስነጥስ፣ ሲያስነጥስ፣ ዕንባው እየወረደ በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» አለኝ። የአልማዝ ባል ግርማ በታክሲው እየጠበቀኝ ነበር። ታክሲ ነጂ ነው፤ አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። «ቢያንስ ካርታ አልረሳሁም» ይላል እየሳቀ።

ቤታቸው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚሉት ሰፈር ነው። ፎቅ በፎቅ ነው፤ እነሱ ዐሥራ አንደኛው ላይ ናቸው። እኛ ዘንድ ጎረቤት የሚታወቀው በድምፁ ነው፤ እዚያ በሮቹ ሁሉ ዝግ ናቸው፣ የሐበሻውን ቤት የምታውቀው ኮሪደሩ ላይ በሚሸትህ ወጥ ነው። አልማዝ አቅፋኝ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ። እሷ የመሰላት ናፍቆት ነው።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ እኮ ልክ አይደለም» አለችኝ ሳህኑን እየሞላች።

ቁልፎቹን አውጥቼ እንጀራው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ነገሩን ስነግራቸው ግርማ ሳቁን አፈነ፤ አልማዝ ግን ወዲያው ገባት። «ታዲያ ማሽኑ ቢቆምስ?»

«ቢቆም እነሱ ምን ያውቃሉ? ደብተሩ ተቆልፎበታል። መጽሐፉ ቀረ፣ ክፍሉ ተዘጋ፣ ዐሥራ አንድ ቤተሰብ በእኔ ኪስ ምክንያት ሜዳ ላይ ወደቀ ማለት ነው።»

ግርማ ሳቁን ተወ። «በፖስታ ብንልከው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። በሰው እጅ ነው የሚሻለው። ነገ የሐበሻ ሱቅ ያለበት ሲልቨር ስፕሪንግ እንሄዳለን፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ከዚያ አይጠፋም።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በዚያ ከተማዋን በሚዞረው ትልቅ መንገድ ሄድን። መንገዱ ላይ አንድ እግረኛ የለም፤ አህያ የለም፤ የሚያንቀላፋ ዘበኛ እንኳ የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ስንገባ ግን በአማርኛ የተጻፈ ሱቅ አየሁና ነፍሴ መለስ አለች። ባለሱቋ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ችግሬን ስትሰማ የካርቶን ክዳን ቀደደችና በማርከር ጻፈች፦ «ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይፈለጋል። ዕቃው ቁልፍ ብቻ ነው።» ከገንዘብ መቀበያዋ በላይ ሰቀለችው።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። በርበሬ ሊገዛ የገባው ሁሉ ያነባል፣ ዞሮ ያየኛል። አንዱ «ቁልፍ ብቻ? የምን ቁልፍ ነው?» ይላል። አንዷ «መቼም ሚስቱ ላይ ቆልፎ አይመጣም!» ትላለች፤ ሱቁ በሳቅ። አንድ ሽማግሌ «ቁም ሣጥኑን ይስበሩት በላቸው፣ ምን አለፋህ» አሉኝ። እውነት ነው፣ በመሮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ግን እሑድ መሥሪያ ቤት ስልክ የሚያነሣ የለም፤ እኔም ስወጣ «ምንም እንዳትነኩ» ብያለሁ፤ እነሱ ደግሞ ቃሌን የሚፈሩ ናቸው። ያን ቀን ነው መፈራት ያስጠላኝ።

«ጋሽ ደምሴ!» የሚል ድምፅ ከበሩ ሰማሁ። ዞር ስል አንድ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። ታደሰ! እኛ ማሽን ላይ አራት ዓመት ወረቀት ሲያጎርስ የነበረው፣ በቀይ ሽብር ጊዜ በሱዳን የወጣው ታደሰ። ተሳስመን ጉንጫችን አለቀ። አሁን እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ማተሚያ ቤት የፈረቃ ኃላፊ ሆኗል። «ማክሰኞ ጠዋት ይምጡ፤ ሥራችንን ላሳይዎ» አለኝ። እኔን የማሽን ሥራ አያጓጓኝም ነበር ያን ሰሞን፤ ግን እሺ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ግርማ የስልክ ካርድ ገዝቶ መጣ። እኛ ዘንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ስንት ጊዜ ከሞከርን በኋላ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ አነሣች።

«ጋሽ ደምሴ? እርስዎ ነዎት? ኧረ ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል! ወረቀቱን ሁለት ሁለት እያጎረሰ... እነ አስካለ...»

ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ቢደወል፣ ቢደወል መስመር የለም።  ሁለት ሁለት ማጉረስ! ይህንን በሽታ በደንብ አውቀዋለሁ። ወረቀት የሚያጎርሰው ክፍል ውስጥ ሞላ የምንለው አንድ ጥምዝ ሽቦ አለ፤ ከሥሩ የነበረው የፋብሪካ ዕቃ ካለቀ ዓመታት ሆኖታል፤ እኔ በቦታው ቆዳ ቆርጬ አስገብቻለሁ። ቆዳው ሲሳሳ ሁለት ሁለት ያጎርሳል። ውፍረቱ ስንት፣ ብሎኑ ስንት ዙር የሚለው ያለው ሰማያዊው ደብተር ውስጥ ነው። ደብተሩ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ቁልፉ ላንድማርክ ዐሥራ አንደኛ ፎቅ። ያን ቀን ምሳ ቀረበልኝ፣ እራት ቀረበልኝ፣ የበላሁትን አላስታውስም። አልማዝ እንደ ሕፃን ልጇ አድርጋ ስታጎርሰኝ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ማክሰኞ ግርማ ሥራ ስለነበረው ባቡር ጣቢያው ድረስ አድርሶኝ ሄደ። ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር ነው፤ መሐል ከተማ ላይ ወደ ቀዩ መስመር ትቀይራለህ። ቀየርኩ። ቀይ መሆኑን አረጋግጬ፣ ተቀምጬ፣ ሐሳቤ ማሽኑ ላይ እያለ ባቡሩ ተጓዘ፣ ተጓዘ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የለም። ለካ ቀዩ መስመር ሁለት ጫፍ አለው! አጠገቤ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ልብስ የለበሰ ሰው ፊቴን አየና፣ «አባቴ፣ ኢትዮጵያዊ ነዎት? ወዴት ነው?» አለኝ በአማርኛ። ስነግረው አብሮኝ ወረደ፣ ማዶ አሻገረኝ፣ ትክክለኛው ባቡር እስኪመጣ ቆሞ አሳፈረኝ። ሥራው እንደሚረፍድበት ገብቶኛል። ስሙን ሳልጠይቀው መሄዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታደሰ ዘንድ ስደርስ ማሽኖቹ ቆመዋል፤ ሠራተኞቹም ቆመው አንዱን ማሽን ከበዋል። ምን ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። «አይ፣ የጠዋት ሩብ ሰዓታችን ነው» አለኝ ታደሰ። ማርታ የምትባል ከኤል ሳልቫዶር የመጣች ሴት ትናገራለች፤ እሱ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል። ትናንት ቀለሙን አሳስታ አንድ ሙሉ ትዕዛዝ ወረቀት አበላሽታለች። እሱን ነው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ደረቷን ነፍታ የምትናገረው።

«ምን ትቀጧታላችሁ?» አልኩት።

«ለምን እንቀጣታለን? እንዴት እንደተሳሳተች እኮ እየነገረችን ነው። ነገ እኔ አልሳሳተውም ማለት ነው።»

ሌላው እንዲህ ብናደርግስ አለ፤ ሦስተኛው ሐሳቡን አፈረሰበት፤ ተከራከሩ፣ ተሳሳቁ። በመጨረሻ ማርታ ማሽኑ ጎን በገመድ የተንጠለጠለ ወፍራም ደብተር ገልጣ ጻፈች። ያ ደብተር የማንም አይደለም። የፈለገ ይጽፋል፣ የፈለገ ያነባል። በስፓንኛ የተጻፈ አለ፣ በእንግሊዝኛ አለ፣ ታደሰ በአማርኛ የጻፈውም አለ። ቀለም የነካው፣ ዳሩ የተበላ፣ ምን የመሰለ ቆሻሻ ደብተር። የእኔዋ ሰማያዊ ደብተር ግን ንጹሕ ናት። ከእኔ እጅ በቀር የነካት የለም።

«ይህን ማን አመጣው?» አልኩ።

ታደሰ ደብተሩን ዘጋው። «እኔ ነኝ። ባለቤቱ መጀመሪያ ሥራ ያስፈታል ብሎ ስቆብኝ ነበር። ጋሽ ደምሴ፣ እንዳይከፋዎት እንጂ ሐሳቡን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?»

«አራት ዓመት አብሬዎት ስሠራ ያየሁት ጀርባዎን ነው። የኮትዎን መጣፊያ ሁሉ አውቀዋለሁ፤ በግራ በኩል ቡናማ ክር ነበረው። አንድ ቀን ኃላፊ ብሆን ማንም የእኔን ጀርባ አያይም ብዬ ማልኩ።»

ምን ይዋጠኝ!  ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ግን አርመኑ ትዝ አለኝ። የእሱም ኮት ቀዳዳ ነበረው፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ማርታ የሆነ ነገር ጠየቀች። «እንግዳውስ ምን ያስተምሩናል ትላለች» አለ ታደሰ። በክረምት ማሞቂያው ሲበራ ወረቀቱ እየደረቀ እርስ በርሱ ይጣበቅባቸዋል። ይህማ የእኛ የበጋ ችግር ነው! እርጥብ ጆንያ ማሽኑ ዙሪያ እንደምሰቅል፣ ከወረቀቱ ስንት እርምጃ እንደማርቀው ነገርኳቸው። በደብተራቸው በአማርኛ ጻፍኩት። የሥራ ምስጢሬን ለሰው ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው። ማርታ አጨበጨበችልኝ፤ እኔም በዚያ ዕድሜዬ አፈርኩ።

ረቡዕ ባለሱቋ ደወለች። ሰው ተገኝቷል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ ልጃቸውን ሊያርሱ መጥተው የሚመለሱ እናት ናቸው፤ ያኑ ቀን ነው የሚሄዱት። ግርማ ሥራውን ጥሎ አበረረኝ። ሴትዮዋ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ዚፑን እያስዘጉ አገኘናቸው።

«ልጄ፣ ቦምብ አይደለም አይደል?» አሉኝ ቁልፎቹን እያገላበጡ።

«ኧረ እማማ! የሥራ ቁልፍ ነው። የዐሥራ አንድ ሰው እንጀራ ነው።»

«እንግዲያ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ሻንጣ ይጠፋል» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸው። የቤቱ ሰው ሁሉ ምሳ ካልበላችሁ አትወጡም አለን። አውሮፕላን የሚጠብቃቸውን ሴት ጭምር አስቀምጠው አበሉን።

ሐሙስ ማለዳ የአልማዝ ስልክ ጮኸ። ከአዲስ አበባ ነው። መነጋገሪያውን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ አስካለ ነኝ።» አስካለ ከማሽኑ አጠገብ ባለው የጥረዛ ጥግ ዐሥራ አራት ዓመት የሠራች ሴት ናት። ማሽን አስነክቻት አላውቅም። «ማሽኑ እየሠራ ነው። እንዳያስቡ ብዬ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ተነሣ።»

«ማን... ማን ሠራው? ማን ፈቀደላችሁ?» አልኩ። አዎ፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ይቅር ይበለኝ።

«ማንም አልፈቀደልን ጋሼ። መጽሐፉ መውጣት ነበረበት።» ትንሽ ፈርታ ቀጠለች። «ሁላችንም ማሽኑን ከበብነውና ያየነውን እንናገር ተባባልን። አበራ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ሌላው እርስዎ ሲያስተካክሉ ብሎኑን ወደ ግራ እንደሚያዞሩ አይቷል። እኔ ደግሞ ጫማዬን አስታወስኩ።»

«የምን ጫማ?»

«ያን ጊዜ አሮጌ ጫማ አምጪ ብለውኝ የቀኝ እግሬን ጫማ አልሰጠሁዎትም? በማግሥቱ ማሽኑ ዳነ። ማክሰኞ ነው የገባኝ፤ ጫማዬ እዚያ ውስጥ ነው ያለው! ስንፈታው እውነትም ተበልቶ አለቀ። የአበራን ቀበቶ ቆረጥንና አስገባን። ይኸው ሁለት ቀን አበራ ሱሪውን በእጁ ይዞ ነው የሚሠራው።»

ሳቅኩ። ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ከዚያ እንደገና ሳቅኩ። እፎይ! ያን ዕለት የወጣልኝን እፎይታ በምን ልንገራችሁ? አልማዝ ምን ሆነ ብላ ስትሮጥ መጣች፤ የስድስት ዓመቷ ትልቋ ልጇ «ኢዝ ሂ ኦኬ?» ትላለች። ኦኬ ነኝ፣ የኔ እናት፣ በጣም ኦኬ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ነው እንግዲህ አሜሪካን ያየሁት። ፎቁን ቀና ብዬ አየሁ፤ ወንዙን አየሁ፤ ክርስትናው ላይ ጨፈርኩ፤ በልቼ አልጠግብ አልኩ። አልፎ አልፎ ግን አንዲት ነገር ውስጤን ቆንጠጥ ታደርገኛለች። ያለ እኔ ከሠሩት እኔ ምን ልሠራ ነው የምመለሰው? ከእፎይታዬ ጋር ይህችም አብራኝ አውሮፕላን ተሳፈረች።

በገባሁ ማግሥት ማተሚያ ቤት ሄድኩ። የሒሳቡ መጽሐፍ ተጠርዞ በር ላይ ተከምሯል፤ የጭነት መኪናው እየወሰደው ነው። ሥራ አስኪያጁ ከሩቅ እጃቸውን አነሡልኝ። ክፍላችን አለ። ማሽኑ ይጮኻል፣ አንድ አንድ ያጎርሳል። ጎኑ ላይ በጥረዛ ክር የተንጠለጠለ የተማሪ ደብተር አየሁ። ስለ ታደሰ ደብተር ለማንም አልነገርኩም፤ ራሳቸው ነው ያመጡት። ከሱ ጎን ምስማር ላይ ሁለቱ ቁልፎቼ ተሰቅለዋል።

«ቁልፉ ዓርብ ደረሰን» አለች አስካለ።

«ታዲያ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ምን አገኛችሁ?»

«አልከፈትነውም። የእርስዎ ነዋ።»

ከዚህ በላይ ሰው ምን ይበለኝ? ደብተራቸውን ገለጥኩ። ስለ ሞላውና ስለ ቆዳው በአስካለ እጅ ጽፈውታል፤ ሥዕልም አለው። ቀጥለው ሦስት ገጽ ባዶ ትተዋል። በመጀመሪያው ራስጌ ላይ፣ «ይህን አናውቅም። ጋሽ ደምሴ ሲመጡ ይጠየቁ» ይላል፤ ከሥሩ ጥያቄ በጥያቄ ተደርድሯል። ያች የምትቆነጥጠኝ ነገር የዚያን ጊዜ ለቀቀችኝ።

ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ሰማያዊውን ደብተር አወጣሁና ማሽኑ አጠገብ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ፊቴን ወደ እነሱ አድርጌ። ከደብተሬ እያየሁ ስለ ብሎኑ መጻፍ ጀመርኩ፤ «ወደ ግራ ሩብ ዙር» ብዬ ነጥብ ላደርግ ስል አስካለ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አነበበች።

«ሩብ አይደለም ጋሼ» አለች። «ከሩብ ትንሽ ያንሳል።»

ተነሥቼ ለካሁት። ልክ ናት። ሰረዝኩና እሷ እንዳለችው ጻፍኩት።